ወደ ላይ የታነጸና ወደ ታች የተፈለፈለ፤ ስለ ሻርትርና ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት

ሁለት ባለ ቅኔዎች በአንድ ዘመን ተነሥተው፥ አንዱ የሌላውን ድምፅ ሳይሰማ፥ በአንድ ምሥጢር ሁለት ቅኔ ቢቀኙ፥ መምህራን ቅኔያቸውን ጎን ለጎን አኑረው ይመረምሩታል። ይህንም የሚያደርጉት የአንዱ ቅኔ የሌላውን ስውር መንገድ ስለሚገልጠው ነው። በሕንጻም እንዲህ ያለ ነገር ሆኗል። በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ፥ በፈረንሳይ አገር በሻርትር ከተማ በእመቤታችን ስም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ወደ ላይ ሲታነጽ፥ በኢትዮጵያ በላስታ በሮሐ ንጉሥ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትን ከቋጥኝ ወደ ታች ያስፈለፍል ነበር። (በዚህ ጽሕፈት ዓ.ም ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ይህን ማነጻጸር በጨርጨር ደጋ ላለ አንባቢ ጥቅሙ ቅርብ ነው። በአሰበ ተፈሪ፥ እርሷም ጭሮ በምትባለው፥ በሒርና፥ በበዴሳ፥ በገለምሶ፥ በቦኬም ቢሆን፥ ምእመናን ገንዘብ አዋጥተው አሮጌውን ቤተ ክርስቲያን በአዲስ ሊተኩ ሲነሡ አስቀድሞ የሚገጥማቸው ጥያቄ «መልኩ ምን ይሁን?» የሚል ነው። አንዱ እንደ አባቶች ክብ ይሁን ይላል፤ ሌላው እንደ አዲስ አበባ ጕልላቱ ይብዛ ይላል፤ ሦስተኛውም የባሕር ማዶ ሥዕል አይቶ ሹል መስኮትና ረዥም ግንብ ይመኛል። ሲሚንቶም እንደ ጭቃ ለታዘዘው ሁሉ ይታዘዛል። ድንጋይ ያለ ዐቅሙ ሲሸከም ይሰነጠቃል፥ እምቢም ይላል፤ እምቢ የሚል ድንጋይ በሌለበት ግን የሚከለክለው የሠሪውና የአሠሪው ማስተዋል ብቻ ነው። ስለዚህ እነዚያ የቀደሙት፥ ድንጋይን በግድ ያዳምጡ የነበሩት ሠራተኞች፥ ለዛሬው አሠሪ መምህራን ይሆኑታል።

ሻርትር ከፓሪስ በስተ ደቡብ ምዕራብ ከ90 ኪሎ ሜትር የማትበልጥ ከተማ ናት። ለከተማይቱ ክብር የሆናት፥ እመቤታችን ለብሳዋለች ተብሎ የሚታመን አንድ ልብስ ነው፤ ንጉሡ ሻርል መላጣው በ876 ለዚያ ቤተ ክርስቲያን እንደ ሰጠው ይነገራል። በሰኔ 10 ቀን 1194 እሳት ተነሥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ፈጀው። ሕዝቡ ልብሱም አብሮ የተቃጠለ መስሎት ተስፋ ቈረጠ፤ በ3ኛው ቀን ግን ካህናት ልብሱን ይዘው ከምድር ቤቱ በደኅና ወጡ ይባላል። ኀዘኑም ወደ ሥራ ተለወጠ። በ30 ዓመት ያህል ዋናው የሕንጻ ክፍል ቆመ፤ በ1260ም ንጉሡ ሉዊ 9ኛ ባለበት ቅዳሴ ቤቱ ተከበረ። ያን ዘመን ላስታውስ ለሚል ሰው ይህ ፍጥነት ይደንቀዋል፤ በሌላው ከተማ አንድ ካቴድራል የልጅ ልጅ ሳይጨርሰው የሚቀር ነበርና።

ሥራው የተሠራበት ዐይነት ዛሬ ጎቲክ ይባላል። ይህን ስም የሰጡት ከ300 ዓመት በኋላ የተነሡ የጣልያን ሰዎች ናቸው፤ የሰጡትም ለስድብ ነው፤ ጎቶች ሮማን ያጠፉ አረመኔዎች ነበሩና ሥራውን የአረመኔ ሥራ ለማለት ነው። የዐይነቱ መጀመሪያ ግን በፓሪስ አጠገብ ያለው የቅዱስ ዲዮናስዮስ ገዳም ነው፤ አበምኔቱ ሱዤር መቅደሱን በአዲስ መንገድ አሠርቶ በ1144 አስባረከው። ከዚያ በፊት የነበረው የድንጋይ ጣራ በክብ ቅስት ይቆም ነበር። ክብ ቅስት ሸክሙን ወደ ጎን አብዝቶ ይገፋል፤ ግፊቱንም ለመቻል ግድግዳው እጅግ መወፈር፥ መስኮቱም መጥበብ ነበረበት፤ ስለዚህ ውስጡ ጨለማ ሆነ። አዲሶቹ ግንበኞች ቅስቱን አሾሉት፤ ሹል ቅስት ሸክሙን ይልቁንም ወደ ታች ይመራዋል። ከጣራው በታች እንደ ጎድን አጥንት የተዘረጉ የድንጋይ መስመሮች ሠርተው ክብደቱን ሰብስበው በዓምዶች ራስ ላይ አወረዱት። የቀረውን ግፊት ደግሞ ከግድግዳው ርቆ በውጭ የቆመ ግንብ የቅስት ክንዱን ዘርግቶ እንዲቀበለው አደረጉ።

ይህን የውጭ ድጋፍ የኢትዮጵያ ካህን በቀላሉ ያስተውለዋል። ደብተራ ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት ሲቆም መቋሚያውን ይደገፋል፤ መቋሚያው ከአካሉ ውጭ ነው፥ ነገር ግን ቁመቱን የሚያጸናው እርሱ ነው። የሻርትርም ቤተ ክርስቲያን በመቋሚያ እንደ ተደገፈ ማኅሌታይ 800 ዓመት ቆማለች። የጣራዋ ቁመት 37 ሜትር ያህል፥ ርዝመቷም 130 ሜትር ያህል ነው። ግድግዳው ሸክሙን ለዓምድና ለድጋፍ ስላስረከበ መስኮት መሆን ቻለ፤ በ170 ያህል መስኮቶችም ባለ ቀለም መስታወት ገባ። ከሁሉ የሚበልጠው ሰማያዊው ቀለም ነው፤ ፀሓይ ስትዞር ብርሃኑ ከወለሉ ላይ ይራመዳል።

እንግዲህ የሻርትር ሰሙ ድንጋይ፥ ወርቁ ብርሃን ነው። የቅኔ መምህር ግን በዚህ አይረካም፤ ኅብሩ የት ነው ብሎ ይጠይቃል። ኅብሩ በቅስቱ ሹልነት ላይ ነው፤ አንዱ ሹል ቅስት ለዐይን ወደ ሰማይ የሚያመለክት ጣት ይመስላል፥ ለግንበኛው ግን ሸክምን ወደ ምድር የሚያወርድ መንገድ ነው። አንዱ ቃል በሁለት ወገን ሲፈታ ማለት ይህ ነው። ውበቱንና አገልግሎቱን መለየት አይቻልም፤ ሹልነቱን ለጌጥ ብቻ የጨመረ አንድ ስንኳ የለም።

ነቀፋም አለበት። ከፍታ እንደ ውዳሴ ከንቱ ያሰክራል። የቦቬ ከተማ ሰዎች ከሁሉ እንበልጣለን ብለው የመቅደሳቸውን ጣራ 48 ሜትር ያህል አደረሱት፤ በ1284 ከፊሉ ፈረሰ። ደግመው በ16ኛው መቶ ዓመት ከ150 ሜትር የሚበልጥ ግንብ ሠሩበት፤ እርሱም በ1573 ወደቀ፤ ቤተ ክርስቲያኑም እስከ ዛሬ ሳይፈጸም ቀርቷል። በሻርትርም ቢሆን ሁሉ ፍቅር አልነበረም፤ በ1210 የከተማው ሰዎች በካህናቱ አለቃ ቤት ላይ ተነሥተው ነበር። በመስኮቶቹ የእግር ታች የዳቦ ጋጋሪው፥ የጫማ ሰፊው፥ የፀጕር ልብስ ሻጩ ሥራ ተሥሎ ይታያል፤ ይህ የፈቃድ ስጦታ ምልክት ነው ወይስ የግብር ሸክም ምልክት በማለት ሊቃውንተ ታሪክ ይከራከራሉ። ለአምልኮ የሚነሣ ግንብ ድኻውን ሲያስጨንቅ ወርቁ ይደበዝዛል፤ ይህን የፈረንሳይ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማለፍ አይገባም።

በሰሜኑ ደጅ ደግሞ የኢትዮጵያ ሰው ቆሞ የሚመለከተው ነገር አለ። ከድንጋይ ከተቀረጹት ቅዱሳንና ነገሥታት መካከል ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ ይገኛሉ። ንግሥቲቱ በፈረንሳይ እመቤት መልክና ልብስ ቆማለች፤ ከእግሯ በታች ግን ጥቁር አገልጋይ ተቀርጿል። ይህን አይቶ መቈጣት ይቀላል። ዳሩ ግን በዚያ ደጅ ከእግር በታች ያለው ምስል ከላይ የቆመው ማን እንደ ሆነ ማስታወቂያ ነው፤ ከበለዓም እግር በታች አህያይቱ አለች፥ ከሰሎሞንም በታች ቧልተኛ አለ። ቀራጺው ጥቁሩን ሰው ያኖረው «ይህች ከደቡብ የመጣችው ናት» ለማለት ነው። ቢሆንም ጕድለቱ ጕድለት ነው፤ ምልክቱን ከእግር በታች አኑሮ ባለቤቲቱን በራሱ መልክ አለበሳት፤ መጽሐፉን ያውቃል፥ አገሯን ግን አያውቅም። የሚያስደንቀው ይህን ሲቀርጽ በዚያው ዘመን በዚያች ንግሥት አገር የሚሠራው ሥራ ምን እንደ ሆነ አንድ ሰው ስንኳ ያልነገረው መሆኑ ነው።

በላስታ የተሠራው ሥራ መንገዱ ተቃራኒ ነው። ፈልፋዩ አስቀድሞ ቋጥኙን ዙሪያውን እየቈፈረ ለየው፤ ከዚያም ከላይ ወደ ታች እየወረደ ጣራውን፥ መስኮቱን፥ ደጁን አወጣ፤ ወደ ውስጥም ገብቶ ዓምድና ቅስት ብቻ እስኪቀሩ ድረስ ሌላውን አስወገደ። የሻርትር ግንበኛ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይጨምራል፤ የሮሐው ሠራተኛ ይቀንሳል። ግንበኛው ቢሳሳት ድንጋዩን አንሥቶ ሌላ ይተካል፤ ፈልፋዩ ቢሳሳት ግን በመሮ የተመታው ድንጋይ አይመለስም። ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር በልብ ውስጥ መፈጸም ነበረበት። በጉባኤ ቆሞ ቅኔውን ያለ ጽሕፈት ከልቡ እንደሚያወርድ ባለ ቅኔ ነው፤ ከአፉ የወጣውን ቃል መልሶ ሊፍቀው አይችልም።

በሮሐ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት 11 ናቸው። ቤተ መድኃኔ ዓለም ከሁሉ ይሰፋል፤ ርዝመቱ 33 ሜትር፥ ወርዱ 23 ሜትር፥ ቁመቱ 11 ሜትር ያህል ነው፤ ዙሪያውን በዓምድ ተከቧል፥ ውስጡም በዓምዶች ረድፍ በ5 መተላለፊያ ተከፍሏል። በቤተ አማኑኤል ግድግዳ የአክሱም ሰዎች በእንጨትና በድንጋይ ይገነቡት የነበረው የገባና የወጣ አሠራር በአንድ ቋጥኝ ላይ ተመስሏል፤ እንጨት የሌለበት የእንጨት መልክ ነው። በቤተ ጎልጎታ ቁመታቸው የሰው ቁመት ያህል የሆነ የቅዱሳን ምስሎች ከግድግዳው ተቀርጸዋል፤ ይህ በኢትዮጵያ እጅግ ያልተለመደ ነው፤ የንጉሡም መቃብር በዚያ እንዳለ ይታመናል። ለብቻው የቆመው ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ያህል ቁመት ያለው መስቀል ነው። የታች መስኮቶቹ 9፥ በአክሱም ዐይነት የተሠሩና የተደፈኑ ናቸው፤ የላይኞቹ 12 ግን ክፍት ናቸው፥ ራሳቸውም ሹል ሆኖ በአበባ ሐረግ አጊጧል።

በዚህ ላይ አንባቢ ያስተውል። ሹል ቅስት በሻርትርም አለ፥ በቤተ ጊዮርጊስም አለ። በሻርትር ሸክም ያወርዳል፤ በቤተ ጊዮርጊስ ግን ሁሉ አንድ ድንጋይ ስለ ሆነ ቅስቱ እንደ ግንበኛ ቅስት የሚያወርደው ሸክም የለውም። እንግዲህ ጌጥ ብቻ ነውን? አይደለም። ከታች የተደፈኑት መስኮቶች ጥንቱን ያስታውሳሉ፥ ከላይ የተከፈቱት ብርሃን ያስገባሉ፤ ሹልነቱም የተከፈተውን ከተደፈነው፥ አዲሱን ከጥንቱ ይለየዋል። የሥራው ዐይነት ይለያያል እንጂ ሥራ ፈት የሆነ ቅርጽ በሁለቱም የለም።

የላሊበላ ሰሙ መውረድ፥ ወርቁ ትሕትና ነው። ሻርትርን ሊያይ የሚሄድ መንገደኛ ገና በሩቅ ሳለ ከእርሻው መካከል ግንቦቿን ያያል፤ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ የሚሄድ ግን ከገደሉ አፍ እስኪደርስ ድረስ ምንም አያይም፤ ከደረሰም በኋላ ጣራውን ከእግሩ በታች ያገኘዋል፤ ለመሳለም መውረድ አለበት። ንጉሥም ቢሆን ይወርዳል። ኢየሩሳሌም በ1187 በሳላዲን እጅ ከወደቀች በኋላ ሁለተኛ ኢየሩሳሌም ሊያቆም ወደደ የሚለው ትርጓሜ ብዙ ሰው ይቀበለዋል፤ ወንዙም ዮርዳኖስ ተብሏል። ከፊሎቹ ከንጉሡ በፊት ለሌላ አገልግሎት የተፈለፈሉ ናቸው የሚሉ ሊቃውንትም አሉ፤ ይህ ቢረጋገጥ ስንኳ አሮጌውን ቤት በአዲስ ምሥጢር መፍታት ክብሩን አይቀንሰውም።

የብርሃንም ነገር እንዲሁ ነው። በላሊበላ ብርሃን ጥቂት መሆኑን አንዳንድ የውጭ አገር ጸሓፊ እንደ ድኽነት ቈጥሮታል። ይህ ፍርድ ሥርዐተ ቅዳሴውን ካለማወቅ የመጣ ነው። በኢትዮጵያ ሥርዐት ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፥ ቅድስት፥ መቅደስ ተብላ ለሦስት ትከፈላለች፤ መቅደሱም በመጋረጃ ይጋረዳል። ምእመኑ ምሥጢሩን በዐይኑ ሳይሆን በጆሮውና በልቡ ይከተላል፤ ጨለማው ራሱ መጋረጃ ነው። በሻርትርም ቢሆን በጥንት ካህናቱን ከሕዝቡ የሚለይ ድንቅ የድንጋይ ግድግዳ በመካከል ነበረ፤ በ1763 ግን አፈረሱት። ያን ያፈረሱት ሰዎች ሁሉ ይታይ ብለው ነበር፤ ሁሉ ከታየ በኋላ ግን የቀረው ርዝመት ብቻ ሆነ፥ ወደ ምሥጢር የሚያስገባው ደጅ ጠፋ።

ለሁለቱም ጠላት አላቸው፤ የሻርትር ጠላት እሳት፥ የላሊበላ ጠላት ውኃ ነው። የሻርትር የእንጨት ክዳን በ1836 ዳግመኛ ተቃጠለ፤ የድንጋዩ ጣራ ግን ቻለው። በእንጨቱ ፈንታ ብረት አቁመው በመዳብ ከደኑት፤ መስኮቶቹንም በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች አውርደው ሸሸጓቸው። በላሊበላ ዝናብ በቋጥኙ ስንጥቅ እየገባ ያላላዋል፤ በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከአንዳንዶቹ በላይ ታላላቅ ዳሶች ተተከሉ። ዳሶቹ ለጊዜው ተብለው ቆይተዋል፤ ክብደታቸው ቋጥኙን ይጐዳዋል ብለው የከተማው ሰዎች በአደባባይ አቤት ብለዋል። በመጋቢት 3 ቀን 2011 ዓ.ም የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ወደ ላሊበላ መጥተው ለጥበቃው እርዳታ ለመስጠት ተናገሩ። ወሩ ብዙ ሳያልፍ፥ በሚያዝያ 7 ቀን፥ በፓሪስ የእመቤታችን ካቴድራል ተቃጠለ፤ ከ1163 ጀምሮ የተሠራችው ቤተ ክርስቲያን ጫካ ይባል የነበረው የእንጨት ክዳኗ ነደደ። ሊረዳ የመጣው ለራሱ ረዳት ፈለገ። ፓሪሶችም እንደ ሻርትር ወደ ብረት አልሄዱም፤ ክዳኑን እንደ ጥንቱ በዛፍ እንጨት መልሰው ሠርተው በኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም ቅዳሴ ተቀደሰባት። ሻርትር ዳግመኛ እንዳይቃጠል ዕቃውን ለወጠ፤ ፓሪስ ዕቃውን ጠብቆ የእጅ ጥበቡ እንዳይጠፋ አደረገ። ሁለቱም ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ያውቃሉ፤ ነቀፋ የሚገባው ለምን እንደ ለወጠ ሳያውቅ የሚለውጥ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ በጨርጨር ላለው አሠሪ ፍርድ መስጠት ይቻላል። ከባሕር ማዶ የመጣውን ሁሉ መናቅ የሊቅ ሥራ አይደለም። ከጂቡቲ በ1897 የተጀመረው፥ ድሬዳዋ በ1902፥ አዲስ አበባም በ1917 የደረሰው የባቡር ሐዲድ በፈረንሳይ ኩባንያ ተሠርቶ በሚኤሶ በኩል አልፏል። አሰበ ተፈሪን ያቀኑት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም በመስኮብ የተማሩ ነበሩ፤ ትምህርታቸውን ግን በጨርጨር ምድር ለጨርጨር ጥቅም አዋሉት። በአዲስ አበባም በ1931 ተጀምሮ ከወረራው በኋላ በተፈጸመው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የብሉይና የሐዲስ ታሪክ በባለ ቀለም መስታወት ተሥሏል፤ የባሕር ማዶው ጥበብ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ወንጌል ሊያስተምር እንደሚችል ይህ ምስክር ነው።

የሚያሳዝነው ግን ቅርጹን ወስዶ ሥራውን መተው ነው። በሲሚንቶ የተለሰነ፥ ምንም የማይሸከም ሹል ቅስት፥ ቤት መትቶ ምሥጢር ያጣ ቅኔ ነው፤ ዜማው ይሰማል፥ ሲፈታ ግን ምንም አይገኝበትም። መቅደሱን በሰፊ መስኮት አስከፍቶ ብርሃኑን መልሶ በጨርቅ የሚጋርድ አሠሪ፥ ለአንዱ ሥራ ሁለት ጊዜ ገንዘብ ከፍሏል። ሰፊ ቤት ሁሉ ታላቅ አይደለም፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፥ መወድስም ስምንት ቤት ነው፤ መምህር ግን ስለ ማጠሩ ጉባኤ ቃናን አይንቅም። በትንሽ ከተማ ያለ ትንሽ ክብ ቤተ ክርስቲያን ሦስቱ ክፍሎቹ በልክ ከተደለደሉ፥ ዝናቡ ከመሠረቱ ከራቀ፥ ዓምዱም ሸክሙን ካወቀ፥ እርሱ ሙሉ ጉባኤ ቃና ነው።

ስለዚህ አሮጌው ከመፍረሱ በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ። ይህ ቅርጽ ምን ይሸከማል? ይህ ብርሃን ለማን ይገባል? ይህ ውኃ ወዴት ይሄዳል? ለነዚህ መልስ ያለው ሰው ከሻርትርም ከላሊበላም ቢማር አያፍርም። አራተኛም አለ፤ የቆመውን የሚጠብቀው ማን ነው? በ2004 ዓ.ም በአሰቦት ተራራ የገዳሙ ደን በተቃጠለ ጊዜ ምእመናን ወደ ተራራው ወጥተው እሳቱን ለማጥፋት ደክመዋል። ያን ደን ያቆየው ትውልድ የሠራው ግንብ አልነበረም፤ ያለውን ላለመቍረጥ መጠንቀቁ ነበር። የሮሐ ፈልፋይም እንዲሁ ነበረ፤ የሚያስወግደውን ብቻ ሳይሆን የሚያስቀረውን አስቀድሞ ያውቅ ነበር።